እድሮቻችን ፋሻና ጓንት ይግዙ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ሰልፍ ላይ በተወረወረ ቦምብ ሁለት ሰዎች ሞተው ከ150 በላይ ቆስለዋል። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጥምቀት በዓል ሲከበር ሕዝብ የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። አንዱ ጥቃት ነው፣ ሌላው አደጋ። በሁለቱም ቦታ ግን ቁስለኛው አጠገብ ቀድሞ የሚገኘው ከጎኑ የቆመው ሰው ነው። ስለ ፍተሻና ስለ ጥበቃ ብዙ ይባላል፤ ያ ሰው እጁን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት ግን የሚያስተምረው የለም። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለዚህ ነው።

አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። የጭን ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ ከተቆረጠ ሰውየው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሊሞት ይችላል። የትኛውም አምቡላንስ በመንገድ መጨናነቅ መሃል በዚህ ፍጥነት ይደርሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ደሙ ፊን እያለ የሚወጣ፣ ልብስ የሚያርስ ወይም መሬት ላይ የሚጠራቀም ከሆነ ጊዜ አይስጡት። ልብሱን ቀድደው ቁስሉን ይዩት፤ ደሙ የሚመነጭበትን ነጥብ ይፈልጉ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ)፣ ከሌለም ንጹሕ የነጠላ ጫፍ በጣትዎ እስከ ውስጥ ድረስ ይጠቅጥቁበት፤ ከዚያ ሁለት እጅዎን ደራርበው፣ ክንድዎን ዘርግተው፣ በሰውነትዎ ክብደት ይጫኑት። 10 ደቂቃ ሳያቋርጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በየደቂቃው «ቆመ ወይ?» እያለ ጨርቁን ያነሳል፣ መርጋት የጀመረው ደምም አብሮ ይነሳል።

የቡና ዱቄት መነስነስ በየሰፈሩ የተለመደ ነው። እባካችሁ ይቅር። ከቧንቧ በኃይል የሚወጣ ደም ዱቄቱን ጠርጎት ይሄዳል፤ የቀረውም የሚደማውን ቦታ ይሸፍናል፣ ቁስሉን ለመመረዝ ያጋልጣል።

እጅ ወይም እግር ላይ ሆኖ በመጫን ካልቆመ፣ ወይም እጅና እግር የተቆረጠ ከሆነ፣ ከቁስሉ በላይ ማሰር ያስፈልጋል። ለዚህ የተሠራው ማሰሪያ ቱርኒኬት ይባላል። ከሌለ ነጠላ ወይም ሻሽ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው አጥፈው፣ ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ርቀው ያዙሩት፤ ጉልበት ወይም ክርን ላይ ግን አይሰሩ፣ ከመገጣጠሚያው በላይ ይውጡ። አንዴ ይቋጥሩና ቋጠሮው ላይ የማማሰያ እጀታ የመሰለ ጠንካራ እንጨት አስቀምጠው ደግመው ይቋጥሩ፤ ከዚያ ደሙ እስኪቆም እንጨቱን ያዙሩት። ቁስለኛው ይጮኻል፤ በትክክል የታሰረ ሁሉ ያምማል። የእንጨቱን ጫፍ እንዳይፈታ በሌላ ጨርቅ ይሰሩት፤ የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ይጻፉ። ሐኪም ቤት እስኪደርስ ማንም አያላላው።

ሲባጎና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥጋ ይቆርጣሉ። እስክሪብቶ ሲጠመዘዝ ይሰበራል። ከሁሉም የከፋው ላላ ብሎ የታሰረው ነው፤ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ብቻ ዘግቶ ከልብ የሚመጣውን ስለሚያሳልፍ መድማቱን ያባብሰዋል።

ብብትና ብሽሽት ላይ ማሰር ስለማይቻል ጠቅጥቆ መጫን ብቻ ነው ያለው። ሆድና ደረት ውስጥ ምንም አይጠቀጠቅም፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ቶሎ ማድረስ ነው። ደም የፈሰሰው ሰው ስለሚበርደው፣ ብርዱም የደም መርጋትን ስለሚያዘገይ፣ ጋቢ ያልብሱት። ቀዶ ሕክምና ሊጠብቀው ስለሚችል ውኃም ቢለምን አይስጡት።

በእኛ አገር ቁስለኛ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በሚኒባስ ወይም በተገኘው ፒክአፕ ነው። አራት ሰው እጅና እግሩን ይዞ ሲያነሳው ቁስሉን የያዘው ሰው ይለቅቃል፣ ደሙም እንደገና ይጀምራል። አንድ ሰው ከዚያ ቁስል ላይ እጁን ሳያነሳ አብሮ ይግባ።

ፍንዳታ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ሊኖር ይችላል። መራመድ የሚችል ሁሉ ከቦታው ይራቅ፤ የተጣለ ቦርሳ አይነካ፤ ለቀረጻ የሚቆም ሰው ለአምቡላንስ መንገድ ይዘጋል። ሕዝብ ሲገፋፋ ከግድግዳና ከአጥር ይራቁ፣ ክንድዎን አጥፈው ደረትዎ ፊት ይያዙ፤ ግፊቱን ፊት ለፊት ሳይታገሉ፣ ፋታ ባገኙ ቁጥር በሰያፍ ወደ ዳር ይውጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። የቤት ቁጥር መንገር ብዙም ስለማይረዳ የሚታወቅ ምልክት ይንገሩ፤ የቆሰለውን ሰው ብዛት ይጨምሩ፤ አንድ ልጅ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ይላኩ።

አሁን ወደ እድሮቻችን። እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ በአንድ ጥሪ የሚሰበሰብ ሰው አለው። ይህን ያህል የተደራጀ ሰፈር አንድ ቦርሳ መያዝ አያቅተውም፦ 20 ጥንድ ጓንት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው 10 ጥቅል ፋሻ፣ ብዙ ጎዝ፣ 4 ቱርኒኬት፣ ጨርቅ የሚቆርጥ መቀስ፣ ማርከር፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ብርድ ልብስ። ረጅሙ አግዳሚ ቃሬዛ ይሆናል። በዓመት ሁለት ጊዜ ከወርኃዊው ስብሰባ ግማሽ ሰዓት ወስዶ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዞ መለማመድ ይበቃል። የፍራሽ ስፖንጅ በቢላ ቀድዶ ጨርቅ እስከ ታች መጠቅጠቅን፣ እርስ በርስ እግር ላይ ማሰርን ሁሉም በእጁ ይሞክረው፤ ጆሮ የሰማውን እጅ በድንጋጤ ሰዓት ይረሳዋል። ስልኮቹ በእድሩ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ።

ቦርሳው የእድሩ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ከዋለ ግን እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ቦርሳው ሌሊትም በሚከፈት ሱቅ ወይም በጥበቃው ቤት ይቀመጥ፤ ጓንት በሙቀት ስለሚደርቅና ስለሚቀደድ በየስድስት ወሩ ተከፍቶ ይታይ።

ከአክብሮት ጋር፣
በድንገተኛ ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ