ለአባባ፦ በመኪና ውስጥ ላልመለስኩት ጥያቄ

አዲስ አበባ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ ልጅ የፊት ጥርሱ ወልቆ "እንደ አያቴ ሆንኩ" እያለ ለመጣ ሰው ሁሉ አፉን እየከፈተ ያሳያል።

ስደውል "ደህና ነኝ፣ ተሽሎኛል" ይሉና ስልኩን ለእማዬ ያቀብሏታል። ቤት ውስጥ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ባይኖርም ይህን የመቀመጫ ሕመም ጉዳይ ከሴት ልጅ ጋር በስልክ ማውራት ይከብዳል፤ ለእኔም ከብዶኛል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ይሁን አልኩ። ቀይ እስክሪብቶዎን ለጊዜው ያስቀምጡልኝ። የሀና የሐ ስሕተቴን በኋላ ያርሙታል።

ለጥምቀት የመጣሁ ጊዜ ታቦቱ ገብቶ ሰው ሁሉ ሳሎን ሲቀመጥ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ወንበርዎ ባዶውን ነበር። "ኧረ ይቀመጡ" ሲባሉ በአንድ ጎንዎ ዘመም ብለው ተቀመጡና፣ ቡናው አንደኛው ሳይወርድ "ላሟን ልያት" ብለው ወጡ። ላሟን እኮ እማዬ ገና አልባት መግባቷ ነበር! ማታ ጓዳ ስትጠራኝ የምትለኝን ገምቼ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ልብስዎ ላይ ደም እንደምታይ፣ አንድ እንጀራ የማይበቃዎ ሰውዬ አሁን በግማሹ እጅዎን እንደሚታጠቡ፣ ጠዋት ከሽንት ቤት ሲመለሱ ፊትዎ አመድ እንደሚመስል ነገረችኝ። "ኪንታሮት ነው፣ አንቺ ዝም በይ አለኝ" አለች።

እሷ ዝም ባለማለቷ ሐኪም ዘንድ ደረስን። እርስዎ ሲመረመሩ እኔ ውጭ ነበርኩ፤ በኋላ ሐኪሙ ጠርቶ እንደነገረኝ ኪንታሮት አይደለም። የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው። መውጫው ላይ ያለው ስስ ቆዳ ተቀዷል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አልፎ ካልዳነ ሥር የሰደደ ይሉታል፤ የእርስዎ ደግሞ ሁለት ወር አልፎታል። ከዚያ "ፋይበር ያለው ምግብ ይብሉ፣ ውሃ ይጠጡ" አለና ቀጣዩን ታማሚ ጠራ። ወደ ደብረ ብርሃን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ቀስ ብለው "ፋይበር የሚሉት ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ከኋላችን ሰው ስለነበረ "ጎመን ነገር" ብዬ አለፍኩት። ይኸው መልሱን አሁን ልጻፍልዎ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህ በሽታ እኔንም ይዞኝ ያውቃል። የመጀመሪያ ልጄን እንደወለድኩ ደም አንሶሻል ተብዬ የአይረን ክኒን ታዘዘልኝ። ክኒኑ ያደርቃል፣ እኔም ደረቅሁ። አንድ ቀን ስብርባሪ ጠርሙስ የወጣኝ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር በሩን ዘግቼ አለቅስ ነበር። አንድ ጤና ተቋም ሄጄ፣ ሳያዩኝ "ኪንታሮት ነው" ብለው ቅባት ሰጡኝ። ሦስት ወር ያንን ስቀባ ከረምኩ። ለእርስዎም ለእማዬም አልተናገርኩም። የማን ልጅ ነኝ!

ያኔ ያደረግሁትን ነው ዛሬ እርስዎ ሲያደርጉት የማየው። መውጣቱን ፈርቼ መብላት ቀነስኩ። ካልገባ አይወጣም ብዬ ነዋ። ሲመጣ ደግሞ እይዘዋለሁ፣ ነገ ይሁን እላለሁ። አንጀት ግን ነገሩ በቆየ ቁጥር ውሃውን እየመጠጠ ያደርቀዋል። ሁለት ቀን የተያዘ በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ሆኖ ይመጣል፣ ቁስሉን እንደገና ይቀደዋል። ሕመሙ ሲነሳ እዚያ ያለው ቀለበት መሳይ ጡንቻ ይጨመደዳል፤ ሲጨመደድ ደም እንደልብ አይደርስም፤ ደም ያልደረሰው ቁስል ደግሞ አይድንም። በብርድ የሚሰነጠቀውን የእኛን አገር ተረከዝ ያስቡት። ማታ ሊጋጠም ይልና ጠዋት በመጀመሪያው እርምጃ ይከፈታል።

ሁለተኛው ነገር የጥርስዎ ነው። ጥርስዎ ካለቀ ወዲህ ለስላሳ ለስላሳውን ይመርጣሉ፦ መኮሮኒ፣ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ በሻይ። ለአፍ የለሰለሰ ለታችም የሚለሰልስ ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ፋይበር ማለት እህሉና አትክልቱ ውስጥ ያለው፣ ሆድ ሊፈጨው የማይችለው አሰር ነው፤ ገለባው፣ ልጣጩ፣ ክሩ። ስለማይፈጭ ውሃ ይዞ እስከ ታች ይወርዳል፣ የሚወጣውንም ያለሰልሰዋል። ፉርኖ ዱቄት ማለት ይህ የተነሳለት ስንዴ ነው። ፉርሽካውን ለላሟ ሰጥተን ነጩን እኛ እንበላለን። ላሟን ድርቀት ይዟት ያውቃል?

ሒሳብ አስተማሪ ነዎትና ቁጥሩን ልስጥዎ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ያግኝ ይላል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ መኮሮኒ 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ነጭ ሩዝ አንድ ግራምም የለው። ያው ኩባያ የተቀቀለ ምስር ግን 15 ግራም ያህል አለው። መኮሮኒ ብቻ በልተው 25 ሊሞሉ ቢፈልጉ ስንት ኩባያ እንደሚያስፈልግዎ እርስዎው ያስሉት።

እንግዲህ የሚፈለገው ምግብ ከቤታችን ደጅ አይርቅም። ጤፉ አለ፣ ገብሱ አለ፣ ባቄላው አለ። ቆሎውን ጥርስዎ አይችለውም፤ ንፍሮው ግን እስኪፈርስ ከተቀቀለ ድድም ይበቃዋል። እማዬ ባቄላውን ማታ ዘፍዝፋ አሹቅ ታድርግልዎ፣ ሲበስል በማንኪያ ትጨፍልቀው። ሽሮና ክክ እንደ ልብ ነው። ጎመኑ በደንብ ደቆ ይቀቀል፣ ዱባም ካሮትም ይግባ። መክሰስ የፈለጉ ጊዜ በሻይ ፋንታ በሶ ይበጥብጡ፤ ገብሱ ከነአሰሩ ነው። ፍራፍሬ እዚያ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፓፓያና አቮካዶ እኔ ከዚህ እልካለሁ፣ በማንኪያ የሚበላ ነው። ሙዝ ከሆነ በደንብ የበሰለውን እንጂ ያልበሰለውን አይንኩ፣ እሱ ያደርቃል።

ተልባ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። እኔን ያዳነኝ በኋላ ያገኘሁት ትክክለኛው ቅባት ይሁን ተልባው እስካሁን አልለየሁትም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የጀመርኩት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይተዉትና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይዩት፤ እንደ እንቁላል ነጭ ተሳቦ ይወፍራል። ሆድ ውስጥም ሥራው ይኸው ነው። ብቻ በላዩ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡበት፤ አሰር ውሃ ካላገኘ ይብሱን ያደርቃል። ከግፊት ክኒንዎም ጋር አንድ ላይ አይውሰዱት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ያራርቁት። ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አይጀምሩት፣ ሆድዎ ይነፋና "ይህች ልጅ ጨረሰችኝ" ይላሉ። በዚህ ሳምንት ባቄላውን፣ በሚቀጥለው ተልባውን፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ።

የውሃው ነገር የሚያጣላን ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ሰው አይጠማውም። እርስዎ ደግሞ ሌሊት ለሽንት ግቢ ላለመውጣት ከቀትር በኋላ ውሃ አይቀምሱም። እማዬ ነግራኛለች፣ አይቆጧት። ሐኪሙ ልብዎና ኩላሊትዎ ደህና ስለሆኑ ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ብሏል። ቀዝቃዛው ካልሆነልዎ ሞቅ አድርገው ይጠጡት፣ አጥሚትም ይቆጠራል። ለሌሊቱ ፖፖ ገዝቼ ብመጣ ይቆጡኛል? ገዝቻለሁ።

ዛሬ ነነዌ ገብቷል። ከዛሬ 14 ቆጥረው ሁዳዴ የካቲት 9 እንደሚገባ ከእኔ ቀድመው አስልተውታል። እኔን ያስጨነቀኝ የጾሙ ምግብ አይደለም፤ እንዲያውም ምስሩና ተልባው ከፋሲካ ዶሮ ይልቅ ለዚህ ቁስል ይበጃል። ያስጨነቀኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መዋሉ ነው፣ ያውም 55 ቀን። ጾሙን ይተዉ ብዬ ላዝዝዎ አልችልም። ለንስሐ አባትዎ ግን ሕመሙን ይንገሯቸው። ለታመመ ሰው የሚሉት ያውቃሉ፤ "ውሃ ጠጣ" ካሉዎት እሺ ይበሏቸው። ስሙን መጥራት ካሳፈረዎ "ሐኪም ውሃ አዞኛል" ማለት ይበቃል፤ ውሸት አይደለም።

በርበሬና ሚጥሚጣ ቁስሉ እስኪጠግ ይቀነሱ። በአፍ ያቃጠለ ሲወጣም ያቃጥላል፣ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አልጫ የአራስ ምግብ ነው እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ሁለት ወር አራስ ይሁኑልን። አረቄውም ይቅር፤ ያ ጎረቤታችን በጥጥ ነክረህ ያዝበት ያሉዎትማ ጨርሶ! ቡናዎን አልከለክልም። እንዲያውም ጠዋት ቡናና ቁርስ አንጀትን ያነቃቃል፤ ስሜቱ ሲመጣ ያን ጊዜውኑ ይነሱ፣ ላሟ ትጠብቃለች። መቀመጫው ላይ ሲሆኑ እግርዎ ሥር ትንሽ ሣጥን ያስገቡ፣ ጉልበትዎ ከፍ ሲል መንገዱ ይቀናል። አያምጡ፣ ብዙም አይቆዩ። ጋዜጣውን ሳሎን ያንብቡት።

ሲመለሱ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡ። የተጨመደደው ጡንቻ የሚፈታው በሙቀቱ ነው፣ ጨው አያስፈልገውም። ሐኪሙ ያዘዘልዎን ቅባት በተባለው ሰዓት ይቀቡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ያመጣል፣ መድኃኒቱ የደም ሥር ስለሚከፍት ነው። ሲቀቡ ጋደም ይበሉ፤ ካዞረዎ ወይም ራስ ምታቱ ከበረታ ይደውሉልኝና ሐኪሙን እጠይቃለሁ። ተሻለኝ ብለው በሁለተኛው ሳምንት እንዳይተዉት።

ምግቡ ብቻውን ያድንዎታል ብዬ አልዋሽዎም። ይህን ያህል የቆየ ቁስል ቅባት ይፈልጋል፤ ቅባቱ ካቃተው ደግሞ ያንን ጡንቻ ትንሽ የሚያላላ ቀዶ ሕክምና አለ። ግን በየጠዋቱ ደረቅ ነገር እየቀደደው የትኛውም ቅባት ፋታ አያገኝም። ለየካቲት መጨረሻ የተያዘው የኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም አንጀትን ከውስጥ በቀጭን ካሜራ የማየት ምርመራ፣ ቀጠሮም እንደተጠበቀ ነው። ቁስሉ ተገኝቶ የለም ወይ ይሉኛል፤ በእርስዎ ዕድሜ ደም ሲታይ አንጀቱም ከውስጥ መታየት አለበት። እስከዚያው ሰገራው ከጠቆረ፣ ትኩሳት ወይም መግል ካዩ፣ ቀጠሮ አንጠብቅም፣ በዚያው ቀን ነው የምንሄደው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ተልባው፣ ሳፋውና ፓፓያው ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሹፌሩ እጅ ተልኳል፤ ፖፖውን ግን በመኪና መላክ አፍሬ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ይህን ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ ምድጃ ውስጥ ሊጨምሩት ይችላሉ። ብቻ አስቀድመው ስለ ባቄላው የጻፍኩትን ለእማዬ ያንብቡላት፣ ዛሬ ማታ ካልተዘፈዘፈ ለነገ አይደርስም።

ልጅዎ