የአንጀት ብግነት ሕሙማን ቀጠሮ ሲጠብቁ እንዳይጎዱ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ከአንጀት ብግነት በሽታ ዋና ዓይነቶች አንዱ፣ ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፣ የተጠረጠረበት ሰው ሪፈር ከተጻፈለት በኋላ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ዘንድ እስኪቀርብ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በእነዚያ ወራት በሽታው ሥራውን ይቀጥላል። ክሮንስ የአንጀትን ግድግዳ በጠባሳ ያጠባል፣ ፊስቱላም (አንጀትን ከሌላ አካል ወይም ከቆዳ ጋር የሚያገናኝ ቀዳዳ) ሊከፍት ይችላል። ጠባሳው አንዴ ከጠነከረ በኋላ መድኃኒት አያላላውም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው በመሣሪያ ማስፋት ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። ኮላይቲስ ደግሞ ደም እያፈሰሰ የሰውነትን ብረት ያሟጥጣል።

ስፔሻሊስት ማብዛት ከእኛ አቅም በላይ ነው። ወረፋውን ያለ ምክንያት የሚያረዝሙትንና ወረፋ ላይ ያለውን ሰው የሚጎዱትን ነገሮች ማስተካከል ግን በጋራ ገንዘብ ይቻላል። የምንጠይቃችሁም ለዚሁ ነው።

ትልቁ ችግር መረጃ የሌለበት ሪፈር ነው። «ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት» ብቻ ተጽፎበት የሚላክ ወረቀት ከወረፋው መጨረሻ ይቀመጣል፤ ወረቀቶቹን የሚለየው ሐኪም የቆሰለን አንጀት ያለ ቁስል ከሚረበሽ አንጀት የሚለይበት ነገር በእጁ የለምና። ይህን ለመለየት የሚረዳው የሰገራ ካልፕሮቴክቲን (አንጀት ሲቆጣ ሰገራ ውስጥ የሚበዛ ፕሮቲን) ምርመራ ነው። ውጤቱ በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ብግነት የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ከ250 በላይ ከሆነ ሰውየው ቶሎ መታየት አለበት። በመካከሉ ያለው ውጤት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ምርመራ እንይዛለን።

ምርመራው በቀላሉ ሊያሳስት እንደሚችልም መታወቅ አለበት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ የአንጀት ኢንፌክሽንም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት የሰገራ ካልቸር (ጀርም የሚያሳድግ ምርመራ) እና ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ምርመራ አብረው ይሠራሉ። ናሙናው ሽንትና የመጸዳጃ ውሃ ሊነካው አይገባም። በሙቀት ውስጥ ለቀናት ከቆየ ደግሞ ቁጥሩ ይወርድና የታመመው ሰው ጤነኛ ይመስላል። ከመመርመሪያው ጋር ክዳኑ የሚጠብቅ የናሙና ዕቃና ቀዝቃዛ ሣጥን የምንገዛው ለዚህ ነው። የደም ምርመራው ሄሞግሎቢን፣ ሲአርፒ (የብግነት ምልክት)፣ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) እና ፌሪቲን (የሰውነት የብረት ክምችት መለኪያ) ነው። ብግነት ባለበት ሰው ፌሪቲን በሊትር እስከ 100 ማይክሮግራም ደርሶም የብረት እጥረት ሊኖር ስለሚችል «ኖርማል ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። የቲቢና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አስቀድመን እናሠራለን። ባዮሎጂክ የሚባሉት፣ የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት የሚገቱ መድኃኒቶች ያለ እነዚህ ውጤቶች ስለማይጀመሩ፣ ምርመራዎቹ ቀድመው ካልተሠሩ ታማሚው ለሌላ ቀጠሮ ይመለሳል።

ቀጥሎ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ቱቦ ከውስጥ ማየት፣ አለ። ወራት የተጠበቀ ቀጠሮ አንጀት በደንብ ስላልጸዳ ብቻ ይሰረዛል። የምንገዛው አንጀት የሚያጸዳውን የፖሊኢታይሊን ግላይኮል ዱቄት ነው፤ የሶዲየም ፎስፌት ማጽጃ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ አንጀት ላይም ክሮንስን የሚመስሉ ትናንሽ ቁስሎች ሊያወጣ ስለሚችል አንገዛም። በተለመደው አወሳሰድ በውሃ ከተበጠበጠው 4 ሊትር ግማሹ በዋዜማው ማታ ይጠጣል። ቀሪው ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ተጀምሮ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ያልቃል። የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሳምንት በፊት ያቆማሉ፤ ብረት ሰገራን አጥቁሮ ግድግዳው ላይ ያጣብቀዋል። አንጀቱ ጠቧል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይህን ዱቄት መጠጣት የለበትም፤ ለማንም በጅምላ የማናድለውም በዚህ ምክንያት ነው። የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለሚሰጥ አጃቢ የሌለው ሰው ተመላሽ ይደረጋል፤ ለብቸኞች አጃቢ እንመድባለን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ቀጠሮ እስኪደርስ ብግነቱን ለማብረድ የሚታዘዘው ስቴሮይድ ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ብዙ ጊዜ በቀን 40 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 ሚሊግራም እየተቀነሰ በ8 ሳምንት ያልቃል። ቀጠሮው ከዚያ በኋላ ከሆነ ሕመሙ ይመለሳል፣ ታማሚውም መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደገና ይገዛል፤ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳር ይጨምራል፣ የተደበቀ ቲቢ ይነሳል። ከሳምንታት አጠቃቀም በኋላ ድንገት ማቆም ደግሞ የሰውነትን የራሱን ስቴሮይድ የሚያመርተው አድሬናል የተባለው እጢ ስላንቀላፋ ለሕይወት አደገኛ ነው። ስለዚህ ከምንሰበስበው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለአንድ የሙሉ ጊዜ ነርስ ደመወዝ ይውላል። ነርሷ በየሁለት ሳምንቱ እየደወለች ታማሚዎቹ በ24 ሰዓት ስንት ጊዜ ለሰገራ እንደተቀመጡ፣ ደም መኖሩን፣ ሌሊት መቀስቀሱን፣ ክብደትንና የስቴሮይዱን መጠን ትመዘግባለች፤ ሁኔታው ከከፋ ለሪፈር ሐኪሙ ቀጠሮው እንዲቀደም ትጽፋለች።

በቀን 6 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ከ37.8 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ወይም ከ90 በላይ የልብ ምት ከታከለበት፣ ወይም ሆድ ተነፍቶ ከጠነከረ ግን ስልክም ቀጠሮም አይጠበቅም። በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት ያስፈልጋል፤ ፈንዱም ለትራንስፖርት የሚሆን መጠባበቂያ ይይዛል።

መደበኛ መዋጮ ከሁሉም በላይ ይጠቅመናል፤ የነርስ ደመወዝ በአንድ ጊዜ ስጦታ አይዘልቅምና አነስ ያለም ቢሆን በየወሩ የሚገባውን እንመርጣለን። የላብራቶሪ ባለሙያዎች ናሙና በመቀበል፣ መኪና ያላችሁ ደግሞ ናሙናውን በዕለቱ በማድረስና ታማሚ በማጀብ ልትረዱ ትችላላችሁ። የመመርመሪያ ዕቃ የምትሰጡ ማሸጊያው ያልተከፈተና ቢያንስ 6 ወር የአገልግሎት ጊዜ የቀረው መሆኑን አረጋግጡ። ተርፎ የቀረ ክኒንና መርፌ አንቀበልም። አዳሊሙማብን የመሰለ የባዮሎጂክ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት ስላለበት በየቤቱ እንዴት እንደተቀመጠ ማረጋገጥ አንችልም።

ገንዘብ ስታስገቡ በማስታወሻው ላይ «ምርመራ»፣ «ማጽጃ» ወይም «ነርስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ለተጻፈው ብቻ እናውለዋለን። ምንም ያልተጻፈበት ለነርሷ ይሄዳል። ወጪውና የቀረው በየሦስት ወሩ ከነደረሰኙ ለሰጪዎች ይላካል።