ለእማማ አፍ የሚሆን ጎምዛዛ ነገር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሐምሌ

ውዷ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ አድገዋል፤ ትልቁ በቁመት በልጦኛል። ከተጠፋፋን ቆየን። ያንቺም ኑሮ ሩጫ፣ የኔም ኑሮ ሩጫ፤ በመሀል ዓመት ዓመትን እየተካ ሄደ። አንቺ ግን ከልቤ ወጥተሽ አታውቂም። ስለዚህ የት ጠፋሽ መባባሉን እንተወውና ካቆምንበት እንቀጥል።

ሰሞኑን ያቺ የሰፈራችን ልጅ ደውላልኝ ነበር። የእማማን ነገር ስትነግረኝ ሆዴ ተላወሰ። ሽሮውንም ክኩንም ሁለት ጊዜ ጎርሰው "አልጣመኝም" ብለው ይመልሳሉ አለችኝ። ሐኪም አይቷቸው ሌላ ነገር እንደሌለባቸው ስሰማ ትንሽ ተነፈስኩ። ግን ፍልሰታ ደረሰ። እማማ ደግሞ ጾም ፍቱ ቢባሉ እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። በእንቁላልና በወተት ልትደግፊያቸው አትችይም። እና እዚሁ የጾሙ ገበታ ላይ አፋቸውን የሚከፍት ነገር ያስፈልጋል።

እኔ አንድ ነገር አለኝ። እዚህ ፒክል ይሉታል፤ በአቼቶና በጨው የተዘፈዘፈ አትክልት ነው። በርገር ውስጥ የምናገኘው ኪያር ማለቴ ነው፣ ግን የሱቁን እርሺው። ቤት ውስጥ፣ በማይክሮዌቭ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳን በማይቆይ ጊዜ የሚሠራ አለ።

ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሜሪካዊት አሮጊት እናት ናቸው። በልጅነታቸው እናታቸው በበጋ የጓሮውን ኪያር ሁሉ ሰብስበው፣ ጠርሙስ በትልቅ ድስት እየቀቀሉ፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር ይውሉ ነበር። ለክረምት የሚቀመጥ ስለሆነ ግዴታ ነበር። እሳቸው አሁን ለማን ብለው ያን ሁሉ ይደክማሉ? አንድ ኪያር፣ አንድ ሽንኩርት፣ አንድ ጠርሙስ። ሲያልቅ ሌላ ይሠራሉ። እኔን የማረከኝም ይሄ ነው። ብዙ ሰው ለሌለበት ቤት የሚሆን አሠራር ነው። ልጆችሽ ከሄዱ ወዲህ አንቺና እማማ ብቻ ስለሆናችሁ፣ ለናንተ ቤት ልክ ነው ብዬ አሰብኩ።

የእሳቸው ጣፋጩ ዓይነት ነው፤ አሜሪካኖች "ብሬድ ኤንድ በተር" ፒክል የሚሉት። በ1920ዎቹ ኢሊኖይ ውስጥ ኦማርና ኮራ ፋኒንግ የሚባሉ ባልና ሚስት ኪያር ያመርቱ ነበር። እጅ ሲያጥራቸው ትንንሾቹንና ለገበያ የማይሆኑትን ኪያሮች ፒክል እያደረጉ ለባለ ሱቅ ይሰጡ ነበር፤ በምትኩ ዳቦና ቅቤ ይወስዱ ነበር ይባላል። ስሙም ከዚያ መጣ ይላሉ። ጎረቤቴ ይህን ሲያወሩ እኔ የኛን እናቶች አሰብኩ። ጎመኑ ሲበዛ፣ ቃሪያው ሊበላሽ ሲል፣ አንድ ነገር ፈጥረው ገበታ ላይ ያወጡት ነበር።

አሁን ልንገርሽ፤ ወረቀት አምጪ። መጀመሪያ የእማማ። እሳቸው ጥርሳቸው ስለሚያስቸግራቸው ለስለስ ያለው ይሻላቸዋል። አንድ ትልቅ ኪያር በስሱ ክተፊ። አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርትም እንደዚያው። በመስታወት ወይም በሸክላ ጎድጓዳ ሳህን አድርጊው፤ ፕላስቲክ ይቅር። ግማሽ ኩባያ አቼቶ፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ እርድ በማንኪያ ጫፍ፣ ትንሽ የሰናፍጭ ፍሬ ሳይፈጭ። ጎረቤቴ የሴለሪ ፍሬም ይጨምራሉ፤ እኔ በሱ ፋንታ ድንብላል አደርጋለሁ፣ ለኛ አፍ ይቀርባል። አማስለሽ ማይክሮዌቩን በከፍተኛው ኃይል ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ታስኬጃለሽ። በመሀል ሁለት ጊዜ አውጥተሽ አማስዪው። ማይክሮዌቭ አንዱን ጥግ አፍልቶ ሌላውን ለብ አድርጎ ይተወዋል፣ ለዚህ ነው ማማሰሉ የሚያስፈልገው። ሽንኩርቱ ጥርት ብሎ ብርሃን ሲያሳልፍ ደርሷል ማለት ነው።

አንድ ነገር አደራ። የማይክሮዌቩን በር ስትከፍቺ ፊትሽን ፈቀቅ አድርጊ። የአቼቶ እንፋሎት ዓይን ያቃጥላል። ቃሪያ ደግሞ አብረሽ አታፍዪ፤ ቤቱ በሙሉ ያስላችኋል። ቃሪያውን ካወጣሽ በኋላ ጣል አድርጊው፣ በሙቀቱ ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ያንቺ ነው። እንደማውቅሽ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል ነው የምትወጂው። እዚህ ላይ ምስጢሩ አትክልቱን አለማብሰል ነው። አትክልትን ቀጥ አድርጎ የያዘው ነገር በሙቀት ይላላል፤ ስለዚህ ብዙ ከፈላ ልፍስፍስ ይላል። ግማሽ ኩባያ አቼቶ፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ለብቻው ማይክሮዌቭ ውስጥ አስገቢ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ እስኪፈላ። ኪያርና ሽንኩርት ከሆነ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቀሽ የፈላውን ከላይ ማፍሰስ ብቻ ነው። ካሮትና አበባ ጎመን ግን ጠንካራ ስለሆኑ እዚያው ሳህኑ ውስጥ ጨምረሽ አንድ ሁለት ደቂቃ አብረው ይሙቁ። ነጭ ሽንኩርት በቁሙ ሁለት ፍሬ፣ ዝንጅብል በስሱ፣ ቁንዶ በርበሬ ጥቂት፣ ጥቁር አዝሙድ። ጠርሙሱ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ እንዳይሆን፤ የፈላ ነገር ሲነካው ይሰነጠቃል። የብረት ክዳኑንም ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳታስገቢ።

ቀይ ሽንኩርቱን ብቻውን ብትሠሪው ደግሞ ቆመሽ እዪው። መጀመሪያ ወይን ጠጅ መልኩ ደብዘዝ ያለ ነው። ትኩሱ አቼቶ ሲያገኘው ከዳር ጀምሮ እየፈካ ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ጠርሙሱ በሙሉ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ቀለም የጨመርሽበት ይመስላል። የሽንኩርቱ የራሱ ቀለም ነው፣ ኮምጣጣ ሲነካው የሚፈካ። የኔ ትንሿ ልጅ ይሄን ለማየት ብላ ወጥ ቤት ትመጣለች። ነጭ ሽንኩርቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቢልብሽም አትደንግጪ። አቼቶ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል፣ ምንም አይጎዳም። ገና ስትሠሪው ውሃው ደፈርስ ቢልም የሱቅ ጨው እንዳይጋገር ከሚጨመርበት ነገር ሊሆን ይችላል፤ እሱም ችግር የለውም።

ሲቀዘቅዝ ከድነሽ ፍሪጅ ውስጥ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይበላል፣ በማግስቱ ግን ሌላ ነው። አትክልቱ ከውሃው በላይ ብቅ እንዳይል ተጫኚው። ሁለት ሳምንት በደንብ ይቆያል። ይሄ ግን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ አይደለም፣ በዚህ አልደራደርም። ጠርሙስ እየቀቀሉ የሚያሽጉት ሌላ ሥራ ነው፤ የኛ የፍሪጅ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ረጅም ሰዓት ከቆየ፣ ሽታው ወይም መልኩ ከተለወጠ፣ ሳታዝኚ ድፊው። አንድ ጠርሙስ ነው።

አቼቶ ስትገዢ ጠርሙሱ ላይ 5% የሚል ፈልጊ። ምንም ያልተጻፈበትን ተዪው፤ ጥንካሬው ስለማይታወቅ አላምነውም። መብራት ከሌለ ደግሞ ውሃውን በጋዝ ማፍላት ይቻላል፤ ግን በአልሙኒየም ድስት አይሁን። አቼቶ አልሙኒየም ይበላል፣ ጣዕሙም ብረት ብረት ይላል። ስቴንለሱን አውጪ።

አሁን ወደ እማማ። ግፊት እንዳለባቸው አውቃለሁ። ስለዚህ የእሳቸውን ጨው በግማሽ ቀንሺው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ስለሆነ ጨው መቀነስ ይቻላል። አቼቶውን ግን አትንኪው፣ ከመበላሸት የሚጠብቀው ዋናው እሱ ነው። ስኳሩም ከበዛባቸው ቀንሺ። ስታቀርቢላቸው ውሃውን አንጠፍጥፈሽ፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ብቻ ሽሮው አጠገብ አድርጊ። ሳህን ሙሉ አታቅርቢ፤ ብዙ ነገር ካዩ ሳይበሉ ይጠግባሉ።

ለምን ይሠራል መሰለሽ? ጎምዛዛ ነገር ምራቅ ያመጣል። ሰው ሲያረጅ፣ መድኃኒትም ሲወስድ፣ አፉ ይደርቃል፤ በደረቀ አፍ የሚጥም ምግብ የለም። እናቶቻችን ይሄንን ሳይማሩ ያውቁት ነበር። የጾም ገበታ መቼ ባዶውን ቀርቦ ያውቃል? ስልጆው አለ፣ ሰናፍጩ አለ፣ ሎሚ የተጨመቀበት አዚፋ አለ፣ ቃሪያ ስንጉ አለ። ሽሮ ብቻውን ከቀረበ ወዲያው ይሰለቻል። አጠገቡ አንድ የሚነዝር ነገር ካለ ግን እጅ ተመልሶ ወደ ሳህኑ ይሄዳል። እማማ ራሳቸው ስልጆ ሲያስቀምጡ እናቴ ሁለት ጊዜ ልካኝ ታስመጣ ነበር፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። አሁን ስልጆ የሚያስቀምጥ አቅም የላቸውም፣ አንቺም ከሥራ ደክመሽ ነው የምትገቢው። ስለዚህ ወንድምሽ የላከልሽ ማይክሮዌቭ ወጥ ከማሞቅ ሌላ ይሥራ።

በጾሙ እኔ ምን እንደማደርግ ልንገርሽ። ሮዙን ሽንኩርት ከምስር ወጥ ጋር፣ ካሮቱን ከጥቅል ጎመን ጋር። ትኩስ እንጀራ ላይ ደግሞ ድንች ቀቅዬ፣ ኪያሩን ከትፌ፣ የጠርሙሱን ውሃ ጠብ አድርጌበት፤ እጅ ያስቆረጥማል። ቀይ ስር ለብቻው እሠራለሁ፣ ከሌላ ጋር ሲሆን ሁሉንም ያቀላዋል። ቀይ ስሩን ግን ቀድመሽ ቀቅዪው፤ በዚህ አጭር ጊዜ አይበስልም። እንስላል ካገኘሽ አንድ ዘለላ ጣይበት። እዚህ ዲል የሚሉትን ነው የሚያደርጉት፣ እንስላል የቅርብ ዘመዱ ነው።

ጨጓራሽ አሁንም ያስቸግርሻል? ከሆነ በባዶ ሆድ እንዳትቀምሺው፣ ምግብ መሀል ላይ ትንሽ ይሁን።

ፍልሰታ ሳይገባ አንድ ጠርሙስ ሠርተሽ ሞክሪ። የእማማን ለስላሳውን ቀድመሽ ሥሪ፤ ያንቺ ይቆይ። ከዚያ ቅዳሜ ማታ በናንተ ሰዓት እደውላለሁ፤ ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊ። እማማ ካልወደዱት ምን እንደጎደለው ይንገሩኝ፣ እሳቸው አፍ ላይ ስህተት አያልፍምና እናስተካክለዋለን። ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ። የሰናፍጭ ፍሬ ሳይፈጭ ካጣሽ ጻፊልኝ፣ በመስከረም የሚመጣ ሰው ስላለ በሱ እልክልሻለሁ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ