እድር የለመደ ሰው ሪፒተር አያቅተውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ እድሮቻችን ተተኪ ወጣት አጡ ብላችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩና ብዕር አነሳሁ። የምጽፈው ግን ስለ እድር ሳይሆን ስለ ሬዲዮ ነው። ትንሽ ታገሱኝ፣ መገናኘታቸው አይቀርም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ታክሲ እነዳለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ደግሞ የአንድ ትንሽ የአማተር ሬዲዮ ክለብ ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ አማተር የሚባሉት ለገቢ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው ፈቃድ አውጥተው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። እንዴት ተመረጥክ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ስብሰባ ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ዝም ያለ ሰው ገንዘብ ያዥ ይደረጋል፤ ይሄ በፈረንጅም በሀበሻም ያው ነው።

የክለባችን ንብረት አንድ ሪፒተር ነው። ለባለቤቴ ያስረዳኋት በእረኛ ነው። ገጠር ያደገ ያውቀዋል፤ ከሸለቆው ወዲያና ወዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች መሰማማት ሲያቅታቸው ጋራው ላይ ያለው እረኛ የአንዱን ጥሪ ተቀብሎ ለሌላው ይጮህለታል። ሪፒተርም እንደዚያ ነው። በእጅ የሚያዘው ሬዲዮ ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ 5 ዋት ነው፣ በሕንጻና በዛፍ መሃል ጥቂት ማይል ሄዶ ይደክመዋል። ሪፒተሩ ጣሪያ ላይ ሆኖ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይሰማል፣ የሰማውን እዚያው በዚያው በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ ይለቀዋል። እኛ ባለንበት፣ 2 ሜትር ባንድ በሚባለው የሞገድ ክልል፣ በሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች መሃል ያለው ልዩነት 600 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በአንድ አንቴና እየጮኹ በዚያው መስማት! የራሱ ጩኸት ጆሮውን እንዳያደነቁረው ዱፕሌክሰር የሚባል ማጣሪያ አለው፣ የጭስ ማውጫ ቱቦ የሚያክሉ ረጃጅም የብረት ጣሳዎች ናቸው። እነሱን ያለ መሣሪያና ያለ ትዕግሥት መነካካት አይቻልም። እኛ ግን ልንነካካቸው ምንም አልቀረንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ሪፒተሩ ፀሐይ ሲሆን ጥሩ ይሰማል፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይደነቁራል። ሁለት ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን። አንዱ ጣሳዎቹ ናቸው አለ፣ ሌላው አዲስ ማሽን ይገዛ አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥፋቱን በጎረቤት የኤሌክትሪክ መብራት ላይ አላከከ፣ እኔም የሂሳብ ደብተሩን ይዤ ማንን እንደማምን ግራ ገባኝ። በመጨረሻ አንድ የ74 ዓመት አባላችን ጣሪያው ላይ ወጡ። እኔ ከኋላ መሰላሉን ይዤ ተከተልኳቸው። ኬብሉ ከአንቴናው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ቴፑን ላጡትና ማያያዣውን ሲፈቱት ውሃ ጠብ አለ። መዳቡ ብዙ ዘመን ሳይታጠብ እንደቆየ ሰታቴ አረንጓዴ ሆኗል። አዲሱ ማያያዣ ከአንድ ሳህን ክትፎ ያነሰ ዋጋ ነው ያለው። የሁለት ወር ጭቅጭቅ በዚያ አለቀ፤ አዲስ ማሽን ይገዛ ያሉትም ሰውዬ እስከ ዛሬ ልክ ነበርኩ ይላሉ።

የገንዘቡ ነገር ሌላ ነው። መዋጮው በዓመት 30 ዶላር ነው። መዝገብ ላይ 43 ስም አለኝ። ዘንድሮ የከፈሉት 19 ናቸው። የቀሩት ጠፍተው እንዳይመስላችሁ፣ በሪፒተሩ ጠዋት ማታ ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ! እድር ቢሆን ቅጣት አለ፣ ስም ይነበባል፣ ሰው ያፍራል። እዚህ ሪፒተሩ ፈቃድ ላለው ሁሉ ክፍት ስለሆነ ማንንም ዝም በል አንልም። ሕንጻው ሲሸጥ ደግሞ አዲሱ ባለቤት ለጣሪያው የወር ኪራይ ጠየቀን፤ የዓመት መዋጮአችን የሁለት ወሩን አይሸፍንም። ሽማግሌ እንደመላክ ሊቀመንበራችንን ላክን። ኪራዩ ቀረና ኢንሹራንስ ግቡ ተባልን። አሁን ትልቁ ወጪያችን እሱ ነው።

ስልክ በየኪሳችን እያለ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን የሚል አይጠፋም። እኔም እል ነበር። በፈረንጆቹ ነሐሴ 23 ቀን 2011፣ ቨርጂኒያ ላይ 5.8 የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰ ዕለት፣ ኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ ነበርኩ። የልጆቼ ትምህርት ቤት ደወልኩ፣ አይገባም። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፣ አይገባም። ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ሲደውል መስመሩ ይታነቃል። በዓመቱ፣ ሰኔ 29 ቀን 2012፣ ቀኑን 104 ዲግሪ ፋራናይት ሲያቃጥለን ውሎ ማታ ያ ደሬቾ የሚሉት የነፋስ ማዕበል መጣ። መብራት ለቀናት ጠፋ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የድንገተኛ ጥሪው 911 ራሱ አልሠራም። በዚያ ሳምንት ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ይዞ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የት በረዶ እንደሚሸጥ ሲነጋገር አየሁት። የዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ! በ2013 የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ፈተናውን ወሰድኩ። ፈቃዱ 10 ዓመት ስለሚያገለግል በ2023 አድሼዋለሁ።

ፈተናው አያስፈራም። 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ያገኘ አለፈ። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አስቀድመው ለሕዝብ የወጡ ናቸው፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው አያቅተውም። በአጭርና በረጅም ድምፅ መልእክት የሚላክበት የሞርስ ፈተና ከ2007 ወዲህ ቀርቷል። ለመንግሥት የሚከፈለው 35 ዶላር ነው። የመጀመሪያ ሬዲዮ 30 ዶላር ገደማ ይገኛል፣ ዋጋው ውድ የሆነውን አትቸኩሉበት።

በአማርኛ ማውራት ይቻላል። ብዙ ሰው ይሄን ስነግረው አያምንም። በየ10 ደቂቃውና ንግግሩ ሲያልቅ የጥሪ ምልክትህን፣ ማለትም ከፈቃዱ ጋር የተሰጠህን መለያ፣ በእንግሊዝኛ መናገር ብቻ ነው ግዴታው። እሁድ እሁድ ከአንድ ወዳጄ ጋር ስናወራ የሚሰሙን አንድ አሜሪካዊ አዛውንት አሁን ሲገቡ «እንደምን አደርክ» ይሉኛል፣ ማታም ቢሆን። የታክሲ ወንድሞቼ የኤርፖርቱን ተራ ልንጠያየቅበት ብለውኝ ነበር፤ አይሆንም፣ ለገቢ ሥራ መጠቀም ክልክል ነው። በሚስጥር ቋንቋ መነጋገርም እንዲሁ። ሐሜት አልተከለከለም፣ ግን ግማሽ ካውንቲ ይሰማሃል።

ክለቡ ውስጥ ሀበሻ መሆኔ ሌላም ጣጣ አለው። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ የሚያስተላልፍ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሚባል የክለብ ጣቢያ አለ። ኢትዮጵያ በአየር ላይ እምብዛም ስለማትሰማ የዓለም አማተሮች እንደ አዳኝ እያደፈጡ ይፈልጉታል፤ የክለባችን ሽማግሌዎችም ባገኙኝ ቁጥር «አንተ አግኝተኸዋል?» ይሉኛል። አላገኘሁትም። እሱ በአጭር ሞገድ ነው፣ ከሪፒተራችን ጋር አይገናኝም፣ እነሱ ግን የአጎቴ ልጅ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ተነሳሁበት። እኔ 54 ዓመቴ ነው፤ በክለቡ «ልጁ» የሚባለው እኔ ነኝ። ጣሪያ ላይ የሚወጡት እኚያው የ74 ዓመት ሰውዬ ናቸው፣ ሚስታቸው ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ እኔን ነው የምትቆጣው። ማሽን ቢበላሽ ማሽን ይገዛል፣ የምሰጋው በሰው ነው። እናንተ ስለ እድር የጻፋችሁትን ሳነብ የኛን ቃለ ጉባኤ ያነበብኩ መሰለኝ። ልዩነቱ የኛ የሀበሻ ሰው መዋጮ መሰብሰብ፣ ተራ መግባት፣ የቀረን መጠየቅ ከልጅነቱ የሚያውቀው ነገር መሆኑ ነው። በየቤቱ ደግሞ ኔትወርክ የተማሩ፣ ኮምፒውተር ፈተው የሚገጥሙ ልጆች አሉን። ልጄ ባለፈው መጋቢት ፈተናውን አልፋለች፤ ሽማግሌዎቹን በሬዲዮ ስታርማቸው እየሰማሁ እስቃለሁ።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዋናውን ኬብል እንቀይራለን። 120 ጫማ ነው፣ ይከብዳል። አምስት ሰው እንመጣለን ብለዋል፣ ከልምድ እንደማውቀው ሦስት ይመጣሉ። መሰላል የሚይዝ ሰው ይጎድለናል፤ ፈቃድ አያስፈልገውም። ቡናው በኔ።

አክባሪያችሁ፣
ገንዘብ ያዡ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ