ሐዲዱን ከመቀየራችሁ በፊት ጎማውን እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ልጆች በእረፍት ጊዜያቸው ስለሚጫወቱባቸው ነገሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሞዴል ባቡርን ማንሳታችሁ በጣም አስደስቶኛል። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። «ፉርጎው ከሐዲዱ እየወጣ ካስቸገረ ሐዲዱን ቀይሩት» ብላችኋል። ኧረ መጀመሪያ ጎማውን!

የምኖረው ስታዲየም አካባቢ ነው። አባቴ ለገሃር ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ሸሚኖ (የባቡር ሠራተኛ) ነበር። ባቡር ሲገባ የፉርጎዎቹን ጎማ አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታ ነበር። (ጎማ እንላለን እንጂ ብረት ነው።) እንደ ደወል ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ፉርጎው ይመረመራል። እኔም የእሱን ዓይን ይዤ ነው ያደግኩት።

14 የዕቃ ፉርጎዎች አሉኝ። መጠናቸው ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። የአሜሪካ ፉርጎ አምሳያዎች ናቸው፤ የእህቴ ልጅ ከዚያ ላከችልኝ። ሲመጡ ጎማቸው ፕላስቲክ ነበር። ፕላስቲክ ቆሻሻ ይሰበስባል፤ ያ ቆሻሻ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ሐዲዱ ላይ ይለጠፋል። ሎኮሞቲቩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ ስለሆነ እየቆመ እየሄደ ያስቸግራል። የብረት ጎማ ቶሎ አይቆሽሽም፤ ክብደቱም ከታች ስለሚያርፍ ፉርጎው ይረጋል።

ግን ብረት የተባለ ሁሉ አይሆንም። መጀመሪያ የገዛሁትን ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎኝ ነበር። ሐዲዱ ላይ ሳስቀምጠው ወዲያው ሾርት አደረገ! ለካ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሐዲድ ኖሯል፤ ግራና ቀኙ ጎማ በአክስሉ (በመሀላቸው ባለው ዘንግ) በኤሌክትሪክ ይገናኛል። በባለ ሁለት መስመር ሐዲድ ግን አንዱ መስመር ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ጎማ ከአክስሉ በፕላስቲክ መለየት አለበት። አሁን ቴስተር ሳላስነካ አንድም አልገጥምም።

ቀጥሎ መጠኑ። አሜሪካ ውስጥ የቆዩት ፉርጎዎች ባለ 33 ኢንች ጎማ ናቸው፤ 100 ቶን የሚጭኑት ደግሞ ባለ 36። ለ87 ሲካፈል 9.6 እና 10.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ግን ትልቁን ትንሹ ፉርጎ ላይ ከገጠማችሁት ከፉርጎው ወለል ጋር ይታከካል፣ መንጠቆውም ከጎረቤቱ ከፍ ይላል።

ከሁሉም በላይ ያደከመኝ የአክስሉ ርዝመት ነው። ጫፉ እንደ መርፌ ሹል ነው፤ የሚሽከረከረውም ቦጊው (ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል) ውስጥ ባለች ጉድጓድ ነው። ከረዘመ ይጨናነቃል፣ ካጠረ ይወላገዳል። ሁሉም ከ25 ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቁም፤ ግን የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ሥራ ያበላሻል። የድሮውን አውጥታችሁ በካሊፐር ለኩ፣ ከዚያ ግዙ። ሲገጠም የሐዲዱን አንድ ጫፍ መጽሐፍ ላይ አድርጌ ፉርጎውን እለቀዋለሁ። በፕላስቲኩ ጠረጴዛው መሀል የሚቆመው፣ አሁን ጫፍ ደርሶ በእጄ እይዘዋለሁ። ግራሶ ግን አትቀቡት፤ አቧራ ይይዛል።

አሁን የምመኘው የአባቴን ፉርጎ መሥራት ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበር በዚህ መጠን የሚሆነው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። የኔ የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ለአዲሱ ባለ 1435 ሚሊ ሜትር መስመር እንጂ ለእሱ አይሆንም። ሐዲዱ ይገኛል። የቸገረኝ የጎማው ቁመት ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል የለገሃርን የዕቃ ፉርጎ ጎማ በእጁ የለካ ሸሚኖ ወይም የሸሚኖ ልጅ ካለ፣ ቁጥሩን በዚሁ ዓምድ ቢጽፍልኝ ለ87 ማካፈሉን እኔ እችልበታለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከስታዲየም አካባቢ፣ አዲስ አበባ