ቅዳሜ አቢጃታ፦ ለጋራ ቪዲዮው ቀረጻ

ሰላም አባላት፣

የምንቀርጸው ሐይቁ ሸሽቶ የተወውን ነጭ ሜዳና የሶዳ አሽ (ከሐይቁ ውሃ የሚወጣ ጨው መሰል ማዕድን) ማትነኛ ኩሬዎቹን ነው። ፍላሚንጎ ብቻ ከሆነ ፖስት ካርድ ይሆንብናል። በቡልቡላ ወንዝ በኩል ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው ውሃ በመስኖ መጠለፉም ይግባ፤ አቢጃታ መውጫ የሌለው ጥልቀት አልባ ሐይቅ ስለሆነ ትንሽ ውሃ ሲጎድልበት ዳርቻው ብዙ ይሸሻል።

መነሻ ሌሊት 11፡00፣ መስቀል አደባባይ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ወላፈኑ ምስሉን ያርገበግበዋል።

እያንዳንዳችሁ 3 ቀረጻ፣ እያንዳንዱ 40 ሰከንድ፣ ስልኩ አግድም፣ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ። ነጩ ሜዳ ካሜራውን ስለሚያታልል በራሱ ከተተወ ግራጫ ያደርገዋል፤ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉት። ቅርፊቱ ደረቅ ቢመስልም ሥሩ ጭቃ ነው፤ ለትሪፖድ እግሮች ሦስት ቁራጭ ጣውላ ያዙ። ቴሌግራም ላይ በ«ፋይል» ላኩ፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

እስከ ሐሙስ ማታ መልሱልን፦ ትመጣላችሁ? ትሪፖድ ያለው ማን ነው? ድምፁስ ትረካ ይሁን ወይስ የነፋሱ ብቻ?