ኦፕራሲዮኑን ማን አዘዘ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ላይ «የጉልበት ሕመም ያለ ቀዶ ጥገና» የሚል የመርፌ ሕክምና ማስታወቂያ አይቼ ነው ይህን የምጽፈው። አምና እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ቤታችንን 4,500 ዶላር አስከፍሏል። እኔና ወንድሜ በክሬዲት ካርድ ከፍለን፣ ዕዳው ዛሬም አላለቀም።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከደሴ ልትጠይቀን መጥታ እኛው ዘንድ ቀረች። ጉልበቷን ያማታል፤ በተለይ ቀኙን። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። ያስለቀሳት ግን ስግደቱ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገትን ብቻ ዝቅ ማድረግ ከበዳት። ሐኪም ዘንድ ወስጄ ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ሳስቷል፣ ገና መካከለኛ ደረጃ ላይ ነው አለ። ክብደት ትቀንስ፣ ፊዚዮቴራፒ ትጀምር ብሎ ወረቀት ጻፈ። ስለ ቀዶ ጥገና ትንፍሽ አላለም።

ማስታወቂያውን የሰማችው ከዚያ በኋላ ነው። ደወለች። በአማርኛ፣ «እማማ» እያለ የሚያነጋግራት ሰው አገኘች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ በርቶ ነበር። «ልጄ፣ ከኦፕራሲዮን ተረፍኩ» አለችኝ። ማነው ኦፕራሲዮን ያዘዘልሽ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኳትም።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። 11 ዓመት የሰው ደም በማሽን ሳሽከረክር ኖሬያለሁ። ስለዚህ እናቴ የተወጋችውን ከመናገሬ በፊት፣ ከራስ ደም የሚዘጋጀውን ፒአርፒ የሚባለውን የጉልበት መርፌ ላስረዳ። ከክንድ ደም ይቀዳል። ሴንትሪፉጅ ውስጥ ገብቶ በፍጥነት ይሽከረከራል። ቀዩ ይዘቅጣል፣ ቢጫው ከላይ ይቀራል። ከቢጫው ፕላትሌት የበዛበት ክፍል ተቀድቶ ጉልበት ውስጥ ይወጋል። ፕላትሌት ስንቆስል ደማችንን የሚያረጋው ነው፤ ቁስል እንዲጠገን የሚያግዙ ፕሮቲኖችም አሉት። ሐሳቡ ባዶ አይደለም። ለክርን ጅማት ሕመም ጥሩ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ። በጉልበት ላይ ግን ጥናቶቹ አይስማሙም። አውስትራሊያ ውስጥ በ288 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አለ። ገሚሶቹ ፒአርፒ፣ ገሚሶቹ የጨው ውሃ ተወጉ። ከዓመት በኋላ በሕመሙም ሆነ በልም አጥንቱ መጠን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

በሥራዬ የማውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ማይክሮሊትር ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ፕላትሌት ይገኛል። የአንዱ ከሌላው ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ማሽኑም ከማሽን ይለያያል። ሳይቆጠር የሚወጋ ፒአርፒ ለእኔ መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ነው።

እናቴ የተወጋችው ግን የራሷን ደም እንኳ አይደለም። ከእትብት ደም የተዘጋጀ «ሕያው ስቴም ሴል» ነው የተባለችው፤ ስቴም ሴል ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል ነው። በትንሽ ብልቃጥ በረዶ ሆኖ መጣ። ውስጡ ስንት ሕያው ሴል አለ ብዬ ጠየቅኩ። የሚያውቅ ጠፋ። እናቴ አልጋው ላይ ተጋድማ ጸሎት ታደርግ ነበር፤ ነይ እንሂድ ለማለት አቅም አጣሁ። ያ ቀን ይቆጨኛል።

ለመገጣጠሚያ ሕመም የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ ያጸደቀው አንድም የስቴም ሴል መርፌ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳና በአሪዞና ከእትብት ደም የተሠራ መርፌ የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተይዘው ሆስፒታል ገብተዋል። እናቴን እግዚአብሔር ጠበቃት። ጉልበቷ ሁለት ሳምንት አብጦ ሰነበተ፤ ከዚያ ሕመሙ እንደነበረው ቀጠለ።

የኋላ ኋላ የሐኪሙ ወረቀት ከመሳቢያ ወጣ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሦስት ወር ተመላለስን። ፊዚዮቴራፒስቷ የጭኗን ጡንቻ አጠነከረችላት። እጅ ሳይደግፉ ከወንበር መነሳት፣ አሥር ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አሥር። ሁሉም ተደምሮ የመርፌውን ሲሶ አልፈጀም። ዛሬ ደረጃውን ግድግዳ ሳትይዝ ትወርዳለች። መስገድ አሁንም አትችልም።

ለወጣቶቹም እንዲሁ ነው። ወንድሜ እሑድ እሑድ ኳስ ይጫወታል፤ ጉልበቱ የዞረበት ጓደኛው ሁሉ ወይ መርፌ ወይ ቢላዋ ብሎ ይጨነቃል። ስዊድን ውስጥ የጉልበት ጅማታቸው የተበጠሰ 121 ወጣቶች ለሁለት ተከፍለው ነበር። አንዱ ወገን ቶሎ ቀዶ ጥገና አደረገ፣ ሌላው በፊዚዮቴራፒ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተቀራራቢ ደረጃ ላይ ነበሩ፤ ከሁለተኛው ወገን ከግማሽ በላዩ ያን ቀዶ ጥገና ሳያደርግ ቆይቷል። ቀዶ ጥገና የግድ የሚሆንበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። አብራኝ የምትሠራ ሴት ጉልበቷን አስቀይራ ነው ከዱላ የተላቀቀችው።

ማስታወቂያ ለጋዜጣ ገቢ መሆኑ ይገባኛል። ከማተማችሁ በፊት ግን በመርፌው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ በስሙ እንዲጻፍ ጠይቁልን። የራስ ደም ነው? የእትብት ነው? የስኳር ውሃ ነው? ዋጋውም ይጻፍ። መጽደቅ አለመጽደቁም በአማርኛ ይጻፍ። እናቴ የፈረመችው ቅጽ በእንግሊዝኛ ነበር። ያስፈረምኳት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሕክምናው በኤፍዲኤ አልጸደቀም ይላል። ያነበብኩት ቤት ከገባን በኋላ ነው።

አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ